በቅሎና ጭብጦ፦ የብርበራ ሕግ ታሪክና የዳኞች ልዩነት

ብርበራ ማለት የመንግሥት ሰው ማስረጃ ወይም ተፈላጊ ሲፈልግ የሰውን ቤት፣ ጓዳ፣ ጎተራ፣ ኪስ ወይም ገላ መፈተሹ ነው። መያዝ ደግሞ በፍተሻው የተገኘውን ነገር ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ በመንግሥት እጅ ማድረግ ነው። ዕቃ የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ደፍ ታልፎ ስለሆነ ሕግ ሁለቱን አጣምሮ ይገዛቸዋል። ደፍ ሲታለፍ ደግሞ የሚታየው የተፈለገው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ገመናም አብሮ ይታያል።

የጽሑፍ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የሕዝቡ ተረት በጉዳዩ ላይ አቋሙን ተናግሯል፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ።» በቅሎ በደጋው አገር ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን የአንድ ሰው ቁርስ እንኳ የማትሞላ ቁራሽ ናት። ሆኖም በዳኛ ቃል የተወሰደችው በቅሎ አታስቆጭም፤ ማንም ሳይፈርድባት የተነጠቀችው ጭብጦ ግን ታንገበግባለች። የብርበራ ሕግ ታሪክ የዚህ ተረት ረጅም ማብራሪያ ነው። በየዘመኑ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወደ ቤቱ የገባው ሰው የገባው በማን ፈቃድ ነው? ዳኞች ለሁለት ሲከፈሉ የሚታዩትም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ሌባ ሻይና አፈርሳታ

ከፖሊስና ከማዘዣ በፊት ሌባ የሚፈለግባቸው ሁለት ታዋቂ ልማዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። «ሻይ» የሚለው ቃል የመጣው «ሻ» ከሚለው ግስ ሲሆን ትርጉሙ ፈላጊ ነው። ስርቆት ሲደርስ ተበዳዩ ለሌባ ሻዩ ሹም ያመለክታል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የዕፅ መጠጥ ይሰጠዋል። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት እየተያዘ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም እንዲከፍል ይደረጋል። በዚህ ሥርዓት ወደ ቤቱ የገባው ልጅ ለምን እንደገባ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም የሚመልሰው የለውም። የተከሰሰው ሰው ሊመረምረውና ሊያፈርሰው የሚችል ምክንያት ስለሌለ መከላከያም አልነበረውም። በልጅ ኢያሱ ዘመን ልማዱን ለማሻሻል ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ከከተማው ሕይወት እየወጣ ሄደ።

ሁለተኛው ልማድ አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን እንዲናገር በመሐላ ይጠየቃል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ለሽማግሎቹ በምስጢር ይነግራል። ሌባው ካልወጣ የጠፋውን ዋጋ የአካባቢው ሕዝብ አዋጥቶ ይከፍላል። አፈርሳታ ከሌባ ሻይ የሚሻልበት ነገር አለው፤ ጥርጣሬው ከሰው አንደበት የሚወጣና ሽማግሎች የሚመዝኑት ነው። ችግሩም ግልጽ ነው፤ ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ ከማነጣጠሩ በፊት የአገሩ ሰው በሙሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ሥራውን ፈትቶ ይውላል፣ ያድራል።

የባሌ ደጋ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ክርክር የሚታየው በጃርሳ ቢያ፣ ማለትም በአገር ሽማግሎች ፊት ሲሆን ተጠርጣሪ የሚፈተነው በመሐላ ነው። እስልምና ከሰፋ በኋላም የቃዲ ችሎት ከሽማግሎቹ ጎን ቆመ። የማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደር ወደ ደቡብ ሲወርድ ሹሞቹና የሹሞቹ ደንብ አብረው መጡ። ስለዚህ በአጋርፋና በጎባ አካባቢ ለነበረ ገበሬ «ቤትህ ይፈተሻል» የሚለው ቃል ከየት እንደሚመጣ ሁልጊዜ ግልጽ አልነበረም፤ ከሽማግሌ፣ ከባላባት ወይም ከሹም ሊመጣ ይችላል። አንዱ የሌላውን ትእዛዝ የሚመረምርበት የጽሑፍ መንገድ አልተዘረጋም።

ደፉ ወደ ሕግ መጽሐፍ ገባ

የቤት መከበር በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1923 ዓ.ም. ነው። የዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በሕግ ከተወሰነው ሁኔታ ውጭ የማንም ቤት እንዳይበረበር ይደነግግ ነበር። ቃሉ አጭር ቢሆንም መርሁን ተክሏል፤ ቤት የሚበረበረው ሹም ስለፈለገ ሳይሆን ሕግ ሲፈቅድ ነው። ጉድለቱ ያ ሕግ ገና አለመጻፉ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ያዋቀረ አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የፖሊስ አዋጅም ታወጀ። ፈታሹና ፈራጁ የተለያዩ ተቋማት የሆኑት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 61 ደግሞ ሰውም መኖሪያ ቤትም ከሕገ ወጥ ብርበራና መያዝ እንዲጠበቁ አዘዘ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መርሁን ወደ ግለሰቦች ግንኙነት አወረደው፤ አንቀጽ 11 በሕግ ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ብርበራ እንዳይደረግበት፣ አንቀጽ 13 ደግሞ ማንም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወደ ሰው መኖሪያ እንዳይገባ ይደነግጋሉ።

ዝርዝሩ የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 185/1954 ነው። ሕጉ ሁለት እጆች አሉበት። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን የሥነ ሥርዓቱንም የመጀመሪያ ረቂቅ በአውሮፓ አህጉራዊ ሥርዓት መንገድ ጀምረውት ነበር። የመጨረሻውን መልክ ያስያዙት ግን ቀደም ሲል የማላያ ዋና ዳኛ የነበሩት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው። በዚህ ምክንያት በብርበራ ድንጋጌዎቹ ላይ በእስያ ቅኝ ግዛቶች ያደገው የእንግሊዝ ሥነ ሥርዓት አሻራ ይታያል። ሕጉ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሎ ዛሬም የአጋርፋ ወረዳ መርማሪ የሚሠራበት መሠረት ነው።

አንቀጽ 32 እና አንቀጽ 33

ዋናው ነገር በሁለት አንቀጾች ተጠቅልሏል። አንቀጽ 32 ሰውን ስለመፈተሽ ሲናገር፣ የተያዘ ሰው የሚፈተሸው ለክሱ ማስረጃ የሚሆን ነገር በላዩ ላይ እንዳለ በሚገባ ሲጠረጠር ብቻ መሆኑን፣ ፈታሹም ከተፈታሹ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው መሆን እንዳለበት ያዛል። ቤትን በተመለከተ መርሁ ማዘዣ ነው፤ ፖሊሱ የፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ ሳይዝ አይገባም። ከዚህ መርህ የሚወጡ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው ወንጀለኛው እግር በእግር እየተከተሉት ወደ ቤት ሲገባ ወይም ዕቃውን እዚያ ሲጥል ነው። ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል አቤቱታ ቀርቦ፣ ማስረጃው በአንድ ስፍራ ተደብቋል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲጠረጠርና ማዘዣ እስኪመጣ ድረስ ሊወሰድ እንደሚችል ሲታመን ነው።

አንቀጽ 33 የማዘዣውን አሠራር ይዘረዝራል። ማዘዣ ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም ዳኛው ብርበራው ለፍትሕ ሥራ እንደሚጠቅም ማመን አለበት። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ መግለጽ አለበት፤ ፖሊሱም ከተገለጸው ሌላ መያዝ አይችልም። የተያዘው ሁሉ ተቆጥሮ ዝርዝር ይጻፋል፤ ሲቻል ገለልተኛ የሆነ ሰው አረጋግጦ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

የዝርዝሩ ፊርማ በሥራ ላይ ሲውል የራሱን ልማድ ወልዷል። ፖሊስ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከአካባቢው ነዋሪዎች አንድ ሁለት ሰው ለታዛቢነት ይጠራል። እነዚህ ሰዎች አልጋ ሲገለበጥ፣ ሳጥን ሲከፈት፣ የተገኘው ሲቆጠር ያያሉ፤ ከዚያም ፊርማቸውን ያኖራሉ። ክሱ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዐቃቤ ሕጉ መልሶ ይጠራቸውና «የደረጃ ምስክር» ተብለው ያዩትን ይናገራሉ። የተከላካይ ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያነጣጥራል፦ ታዛቢው ከፖሊሱ ጋር አብሮ ገባ ወይስ ዕቃው ከተገኘ በኋላ ተጠራ? ዕቃው ሲወጣ በዐይኑ አየ ወይስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አገኘው? የሰው ነጻነት በእነዚህ ጥቃቅን መልሶች ላይ የሚንጠለጠልበት ጊዜ አለ።

ሕጉ የዘለለው ጥያቄ

ሕጉ ፖሊሱ ምን ማድረግ እንዳለበት በሚገባ ይናገራል። ፖሊሱ ሕጉን ጥሶ ያገኘው ማስረጃ ግን ምን እንደሚሆን አንድ ቃል አይናገርም። ይህ ዝምታ ከዘመኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓለም በጉዳዩ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

አንደኛውን መንገድ ጎረቤት ኬንያ አሳየች። በማው ማው ዐመፅ ዘመን በታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ሥር አንድ ኬንያዊ በፖሊስ ተፈትሾ ሁለት ጥይት ተገኘበት ተብሎ ሞት ተፈረደበት። የፈተሹት ፖሊሶች ግን ደንቡ ለፍተሻ የሚጠይቀው ማዕረግ አልነበራቸውም። ጉዳዩ «ኩሩማ» በሚል ስም በይግባኝ ለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ምክር ቤት የዳኝነት ኮሚቴ ደረሰ። ኮሚቴው በእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ አጋማሽ የሰጠው መልስ፣ ማስረጃው ከጉዳዩ ጋር የሚያያዝ እስከሆነ ድረስ ፍርድ ቤት እንዴት ተገኘ ብሎ አይመረምርም የሚል ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። በክሊቭላንድ ከተማ ፖሊሶች አንድ ተጠርጣሪ ፍለጋ የአንዲት ሴት ቤት ሰብረው ገቡ፤ ያገኙት ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ጸያፍ የተባሉ መጻሕፍት። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በ«ማፕ» መዝገብ በሰጠው ውሳኔ፣ በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት እንዳይኖረው ወሰነ። የኢትዮጵያ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣው ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል ቆይቶ ነው። ሕጉ የተጻፈው በእንግሊዝ መንገድ በሠለጠነ ብዕር ነው። በ1956 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያስተማሩት ግን በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ስታንሊ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመውን የኢትዮጵያ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ማስተማሪያ አዘጋጁ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዳኛ ከመጀመሪያው ሁለት ድምፅ እየሰማ አድጓል።

የባሌ ዐመፅና የደርግ አሰሳ

ሕጉ በወጣ ማግስት የባሌ ደጋና ቆላ ፈተናው ሆኑ። ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት የሆነችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን መቀመጫዋ ጎባ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዋቆ ጉቱ የተመራው ዐመፅ ሥሩ መሬት ነበር። መሬት በቀላድ ይለካ ነበር፤ ግብር ያልተከፈለበት ይዞታ ከባለቤቱ እጅ ይወጣ ነበር። ለገበሬው ይህ ከየትኛውም ብርበራ የከፋ መያዝ ነበር፤ ምክንያቱም የተያዘው ዕቃ ሳይሆን መኖሪያው ራሱ ነው። መያዝ ወረቀት ቢኖረውም ባለቤቱ በእኩልነት ተከራክሮበት የሚያምነው ፍርድ ከሌለው ጭብጦዋ እንዳንገበገበች እንደምትቀር ያ ዘመን አሳይቷል።

በደርግ ዘመን ማዘዣው ራሱ ዋጋ አጣ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተካሄደው አሰሳ ቤት ለቤት የተደረገ ብርበራ ነበር። ወታደሮችና የቀበሌ አብዮት ጥበቃዎች የጦር መሣሪያ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የማባዣ መሣሪያና ተፈላጊ ሰዎች ይፈልጉ ነበር። በአሰሳ አንድ ቤት የሚፈተሸው በባለቤቱ ላይ ጥርጣሬ ስላለ አይደለም፤ ቤቱ በከተማው ውስጥ በመገኘቱ ብቻ ነው። አፈርሳታ ጥርጣሬን በአገር ሙሉ ሰው ላይ ይዘረጋ እንደነበረ፣ አሰሳም ብርበራን በከተማ ሙሉ ቤት ላይ ዘረጋው፤ በአሰሳው ግን ሽማግሌም መሐላም አልነበረም። በገጠር ደግሞ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ ተሰጣቸው።  የአሳዳጅና የፈራጅ ሥልጣን በአንድ ማኅበር ጥላ ሥር ሲወድቅ በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው የፈታሽና የፈራጅ መለያየት ወደ ኋላ ተመለሰ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን፣ የሰውነትንና የንብረትን ከብርበራ መጠበቅ እንዲሁም የደብዳቤና የስልክ ግንኙነትን ምስጢር በአንድ ላይ ሰብስቦ መብት አደረጋቸው። መብቱ የሚገደበው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ወንጀልን ለመከላከልና ለመሳሰሉት ዓላማዎች በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ስለ ማስረጃ ውድቅነት በግልጽ የተናገረው በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተገኘ ማስረጃ ግን አንቀጽ 26 እንደ 1954ቱ ሕግ ዝም ብሏል። ዳኞችን የሚከፋፍለው ይህ ነው። አንደኛው ወገን ሕገ መንግሥቱ ማስረጃ ውድቅ እንዲሆን ሲፈልግ እንዴት እንደሚናገር አንቀጽ 19 ላይ አሳይቷል፣ አንቀጽ 26 ላይ አለመናገሩ አስቦ ነው ይላል፤ ጥፋተኛው ፖሊስ በወንጀልና በፍትሐ ብሔር ይጠየቅ፣ ሌባው ግን አያምልጥ። ሁለተኛው ወገን ፍርድ ቤት ራሱ በአንቀጽ 13 መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት፣ በተጣሰ መብት የመጣን ማስረጃ ተቀብሎ የሚፈርድ ዳኛ የጥሰቱ ተካፋይ ይሆናል ይላል።

አንድ መዝገብ በሐሳብ

ልዩነቱ እንዴት እንደሚፈጠር ለማስረዳት ያህል አንድ መዝገብ በሐሳብ ይታይ። በአጋርፋ ወረዳ፣ ወደ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ በሚያዘቀዝቀው ገጠር፣ በሐምሌ ዝናብ አንድ ጥማድ በሬ ተሰርቆ አቤቱታ ቀርቧል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለመርማሪው ጥቆማ ይደርሰዋል፤ በሬዎቹ ታርደዋል፣ ቆዳቸው በአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ አለ፣ ሌሊቱን ወደ ገበያ ሊወጣ ነው። ፍርድ ቤቱ ከተማ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው። መርማሪው ሁለት ታዛቢዎች ይዞ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ጎተራውን ያስከፍታል። ቆዳ የለም። ከስንዴው ሥር ግን ፈቃድ የሌለው ጠመንጃ ይገኛል። ገበሬው በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከሰሳል።

ሦስት ዳኞች በዚህ መዝገብ ላይ በአራት ቦታ ሊለያዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሦስት ዓመቱ ገደብ ነው። ተራ ስርቆት በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንዱ ዳኛ የቅጣቱን ከፍተኛ መጠን አይቶ ሁኔታው ተሟልቷል ይላል፤ ሌላው በቀላል እስራት ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ቤት ያለ ማዘዣ አያስከፍትም ይላል። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የቀን ገደቡ የተጻፈው ስለ ማዘዣ በሚናገረው አንቀጽ 33 ውስጥ ነው። አንዱ ዳኛ ማዘዣ በሌለበት ገደቡ አይሠራም ይላል፤ ሌላው ዳኛ ያላዘዘው ብርበራ ዳኛ ካዘዘው የበለጠ ነጻነት ሊኖረው አይችልም ይላል። ሦስተኛው ጠመንጃው ነው። ማዘዣ ቢኖር ኖሮ ከተጠቀሰው ሌላ መያዝ ክልክል ነው፤ በሌላ በኩል ፈቃድ የሌለው መሣሪያ በዐይን ሲታይ እጅ ከፍንጅ ወንጀል ነው። አራተኛው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ጥሰት አለ ከተባለ ጠመንጃው ከማስረጃነት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

በእነዚህ አራት በሮች የሚያልፈውን ዳኛ መንገድ ከጠባዩ አስቀድሞ መገመት አይቻልም። በሌባ ላይ ጠንካራ የሚባለው ዳኛ የሕጉን ቃል ጥብቅ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ ብርበራውን የሚያፈርሰው እርሱ ሊሆን ይችላል። ለተከሳሽ ይራራል የሚባለው ደግሞ በሬው የተወሰደበትን ገበሬ፣ የእርሻ ወቅቱን፣ የመንገዱን ጭቃ አስቦ መርማሪውን ሊረዳው ይችላል። የደጋው ርቀት ራሱ ሁለት አፍ አለው፤ ለአንዱ ዳኛ ለመቸኮል በቂ ምክንያት ነው፣ ለሌላው ደግሞ ከዳኛ ዐይን የራቀ ቤት የበለጠ ጥበቃ የሚያስፈልገው መሆኑን ያሳያል።

ያልተጠበቀ አሰላለፍ በውጭ ችሎት

የዳኞች ስምና ድምፅ በዝርዝር በሚታተምበት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ጠባይ በግልጽ ይታያል። በማፕ መዝገብ ራሱ፣ ቀደም ሲል የቤትን ነጻነት በብርቱ ይከላከሉ የነበሩት ፌሊክስ ፍራንክፈርተር ማስረጃውን ከሚያወጣው ውሳኔ ጎን አልቆሙም፤ ለክፍለ ግዛቶች ሥልጣን የነበራቸው አክብሮት በለጠባቸው።

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሱት ወግ አጥባቂው አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በ«ሂክስ» መዝገብ፣ በሕጋዊ መንገድ ቤት የገባ ፖሊስ የተጠረጠረ የሙዚቃ ማጫወቻን መለያ ቁጥር ለማንበብ ሲል ጥቂት ማንቀሳቀሱ ራሱን የቻለ ብርበራ ነው ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በ«ካይሎ» መዝገብ ፖሊስ ከመንገድ ላይ ሆኖ የቤት ሙቀትን በመሣሪያ መለካቱ ማዘዣ ያስፈልገዋል ሲሉ፣ ከጎናቸው የቆሙት ቶማስ፣ ሱተር፣ ጊንስበርግና ብሬየር ነበሩ፤ ለዘብተኛ በመባል የሚታወቁት ስቲቨንስ ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2013 በ«ኪንግ» መዝገብ ከተያዘ ሰው ጉንጭ የዘረ መል ናሙና መውሰድ በ5 ለ4 ተፈቀደ። ብሬየር ከአብላጫው ጋር ሲሆኑ፣ ስካሊያ ከጊንስበርግ፣ ከሶቶማዮርና ከካጋን ጋር ሆነው ተቃውሞ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በ«ካርፔንተር» መዝገብ የሞባይል ስልክ መገኛ መረጃ ያለ ማዘዣ እንዳይወሰድ የወሰኑት ዋና ዳኛው ሮበርትስ ከአራት ለዘብተኞች ጋር ነው።

የእነዚህ አሰላለፎች ምክንያት አንድ ነው። በብርበራ ጉዳይ ዳኛው የሚመዝነው ሁለት እውነተኛ ፍርሃቶችን ነው፤ ወንጀል ሳይቀጣ ይቀራል የሚለውንና ቤት ሳይከበር ይቀራል የሚለውን። ስካሊያ ለጽሑፉ ጥንታዊ ትርጉም ታማኝ ስለነበሩ የቤትን ደፍ አጥብቀው ያዙ፤ ብሬየር የሁለቱን ወገን ጥቅም መመዘን ስለሚወዱ አንዳንዴ ለፖሊስ ያዘነብላሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከፖለቲካ ጎራ ይልቅ ከአነባበብ ልማድ ነው።

ልዩ ሕጎችና አስቸኳይ ጊዜ

በኢትዮጵያ ጥያቄው ባለፉት ዓመታት ከጎተራ ወደ መንገድና ወደ ስልክ ተሻግሯል። የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ድብቅ ብርበራን በፍርድ ቤት ማዘዣ ሲያስር፣ ተሽከርካሪንና እግረኛን በድንገት መፈተሽ ግን በፌዴራል ፖሊስ ኃላፊ ወይም በወከለው ሰው ፈቃድ እንዲሆን አደረገ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በአጣዳፊ ጊዜ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግንኙነት እንዲጠለፍ ከፈቀደ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፍርድ ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። በ2009፣ በ2010፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በታወጁ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታዎች ያለ ማዘዣ መበርበር ተፈቅዷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩ መብቶችን ሲዘረዝር አንቀጽ 26ን ከእነርሱ መካከል አላካተተም።

የልዩነት ሐሳብ ዋጋ

በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ከአንድ በላይ ዳኞች ሲያስችሉ ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ይሰጣል፤ ያልተስማማው ዳኛ የልዩነት ሐሳቡን ጽፎ ከመዝገቡ ጋር ያያይዛል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ የአጋርፋ ወረዳ ፍርድ ቤትና የሮቤው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአፋን ኦሮሞ ሲያስችሉም የሚከተሉት ይህንኑ ትርጉም ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1234 መሠረት ችሎቱ የቀድሞ ትርጉሙን ሲለውጥ የሚሰየሙት ዳኞች ከሰባት ያላነሱ ናቸው። በዚያው ዓመት ኦሮሚያ የባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 240 እውቅና ሰጥታ የሽማግሎቹን ችሎት ወደ ሕግ ጥላ መልሳለች።

በዚህ አሠራር ውስጥ የልዩነት ሐሳብ የተሸናፊ ዳኛ ቅሬታ ብቻ አይደለም። አብላጫው የትኛውን በር እንደከፈተና የትኛውን እንደዘጋ፣ በሌላ በኩል ማለፍ ይቻል እንደነበርም ለሚቀጥለው ችሎት የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። በሌባ ሻይ ዘመን ልጁ ወደቀ፣ ባለቤቱ ከፈለ፣ ነገሩ አለቀ፤ ማንም ተመልሶ የሚያነበው ነገር አልቀረም። ዛሬ በሕግ የተደረገ ብርበራ ሦስት ወረቀቶች ጥሎ ያልፋል፦ ዳኛው የፈረመው ማዘዣ፣ ታዛቢው የፈረመበት ዝርዝርና ፍርዱ ከነልዩነት ሐሳቡ። በቅሎዋ ስትሄድ በፍርድ መሄዷ የሚታወቀው በእነዚህ ወረቀቶች ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የጭብጦዋ ባለቤት የሚሟገትበትን ያገኛል፣ ዳኞችም በቅን ልብ የሚለያዩበት ጥያቄ ይነሣል።